ድሬዳዋ የራሷን የሥነ ጥበብ ታሪክ ዶክተር ታስተምር

የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይዞ ወደ ደቡብ ሽቅብ የሚሄድ ሰው ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ገራድ ኤረር ከሚባለው ኮረብታ ይደርሳል። ከኮረብታው ወገብ ላይ አንድ ዋሻ አለ። ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ አሉት፤ ጃርት ማለት ነው። በዓለም የቅድመ ታሪክ መጻሕፍት የሚታወቀውም በዚሁ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው ነጋዴና ጀብደኛ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ከኢየሱሳዊው ካህንና ተመራማሪ ከቴያር ደ ሻርደን ጋር ሆኖ አገኘው። በ1933 በዘመኑ የዋሻ ሥዕል ሊቅ የነበረው አባ ኦንሪ ብረይ ከፖል ቬርኔርት ጋር ቆፈረው። በ1934 ደግሞ ብረይ የአካባቢውን ሥዕሎች በፈረንሳይኛ ለዓለም አስተዋወቀ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዴዝሞንድ ክላርክና ኬነት ዊልያምሰን እንደገና ቆፈሩት።

ከቁፋሮው ከወጣው ነገር ውስጥ ለዚህ ርዕሰ አንቀጽ መነሻ የሆነን ቀይ ቀለም ነው። የጥንት ሰዎች እየፈጩና እየፈገፈጉ ለቀለም ያዋሉት፣ ብረት ያለበት ቀይና ቢጫ ድንጋይ። ቁጥሩ 4,213 ስባሪ፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም፣ ዕድሜውም 40,000 ዓመት ገደማ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ቦታዎች እስካሁን ከታወቁት ይህን የሚያህል የቀለም ክምችት የለም። ሰዎቹ ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት ሳያቋርጡ ቀለም ሲሠሩበት ኖረዋል። ከመካከሉም ግማሽ ፊቱ ብቻ ቀለም የተነከረ፣ እንደ ማኅተም ቆዳ ወይም ገላ ላይ ሳይታተም ያልቀረ ክብ ጠጠር ተገኝቷል። ይህን ሁሉ ስባሪ በስባሪ መርምራ ለዓለም የነገረችው ዳኒኤላ ሮሶ ስትሆን፣ በሥራው ዶክትሬቷን ያገኘችው ከቦርዶና ከባርሴሎና ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ጥናቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲታተም በየአገሩ ተነበበ። ድንጋዩ ራሱ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል።

ተመራማሪዋን እናመሰግናለን። በቁጭት ሌላን የሚወቅስ ጽሑፍ አይደለም የምንጽፈው፤ ሥራዋ በጥንቃቄና በፍቅር የተሠራ ነው። ሆኖም ቀለሙ የድሬ፣ ሙዚየሙ የአዲስ አበባ፣ ዶክትሬቱ የቦርዶና የባርሴሎና ሆኖ ሳለ የድሬዳዋ ድርሻ ምን ላይ ነው ብለን ስንጠይቅ መልስ አጣን። ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችን አቋሙን እንዲህ ያስቀምጣል፤ የድሬዳዋ አስተዳደርና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ጥበብ ታሪክ እስከ ዶክትሬት የሚማሩ ቢያንስ ሁለት የከተማዋን ልጆች መርጠው፣ ወጪያቸውን ችለው መላክ አለባቸው። አንዱ ለዋሻ ሥዕሉ፣ ሌላው ለከተማይቱ ሕንፃዎች። ለቅንጦት አይደለም፤ ሥራው ስላለና የሚሠራው ሰው ስለሌለ ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማየት ለገ ኦዳ መሄድ ይበቃል። ከከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው ገደል ጥላ ሥር 600 ገደማ ምስሎች አሉ፤ ፓቬል ቸርቪቼክ የተባለ ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. ዝርዝራቸውን አሳትሟል። ከብቶቹ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው፣ ሻኛ ግን የሌላቸው ናቸው። በጎቹ ላታቸው የወፈረ ነው። ሰው አለ፤ የዱር እንስሳ አለ፤ አንዱ ምስል ሌላው ላይ ተደርቦ የተሣለበትም ቦታ አለ። ዛሬ በዚያው ሸለቆ የሚሰማራው ከብት ሻኛ ያለው ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ያየው ከብት የት ሄደ? ላታማውን በግ ከቀይ ባሕር ማዶ ማን፣ መቼ አመጣው? ቀዩ ከነጩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከላሙ ሆድ ሥር የተሠመረው መሥመር ጡት ነው፣ ጥጃ ነው፣ ወይስ የባለቤት ምልክት? አርኪዮሎጂ መሬቱን ቆፍሮ ዕድሜ ይነግረናል። እጁ እንዴት እንደሠራ፣ አንዱ ሠዓሊ ከሌላው በምን እንደሚለይ፣ ተከታዩ የቀደመውን ለምን አልፎት እንዳልሄደና ለምን እላዩ ላይ እንደሣለ የሚጠይቀው ግን የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው። ይህ ዓይን በአንድ ሴሚስተር አይለምድም። ዓመታት ይፈጃል።

ዶክትሬት ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ከራሳችን አገር ታሪክ እንጥቀስ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ስም አይጽፉም ሲባል ኖረናል። በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ባለ አንድ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ግን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረ ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ ስሙን አስፍሯል። ከዚህ ከአንድ ስም ተነሥታ ሌሎቹን የእጅ ሥራዎቹን በአሣሣል ጠባያቸው ለይታ፣ የአንድን የ15ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሕይወትና ሥራ በመጽሐፍ የሰበሰበችው ማሪሊን ሄልድማን ናት፤ መጽሐፉ በ1994 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስሙ እዚያው ነበር፤ መነኮሳቱም ያውቁታል። ዓይኑን ለዚህ ያሠለጠነ ሰው እስኪመጣ ድረስ ግን ፍሬ ጽዮን የአንድ ሥዕል ባለቤት ሆኖ ቆይቷል።

በዘመናዊው ሥዕል ደግሞ የኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስን መንገድ ማየት ይበቃል። ዶክትሬቷን በ2010 እ.ኤ.አ. በሥነ ጥበብ ታሪክና በእይታ ጥናት ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አገኘች። ወደ አገሯ ተመልሳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማረች፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን መራች፤ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያዘች። በ2019 የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ በመጽሐፍ አወጣች። አንድ ሰው ተምሮ ሲመለስ ስንት በር እንደሚከፍት እዚህ ላይ ይታያል። ደግሞም ያ ሙዚየም በስሙ የተጠራለት ገብረ ክርስቶስ የሐረር ልጅ ነው፤ ከዚህ ከድሬ ዳገቱን ወጥቶ የሚደረስበት አገር። የተወለደበትን ከተማ ቀለም ከኮሎኝ ከተማረው ጋር እንዴት እንዳዋሃደው፣ ሐረርን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ቢጽፈው ሌላ መልክ ይኖረዋል ብለን እናምናለን።

ሐረርን ካነሣን የቁርኣኖቹን ነገር መዝለል አይቻልም። በ1749 እ.ኤ.አ. ሐረር ላይ የተጻፈ አንድ ቁርኣን ዛሬ ለንደን ባለው የኸሊሊ ስብስብ ውስጥ ነው። የፊደሉ አጣጣልና የሐረጉ ጌጥ በሕንድ ይሠራበት ከነበረው የቁርኣን አጻጻፍ ጋር ዝምድና እንዳለው ውጭ አገር ጥናት ተጽፎበታል። የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጨርቅና ቅመም ብቻ ሳይሆን የብዕር አያያዝም ይዞ ወደ ሐረር ግንብ መግባቱን ያሳያል። የዚህ እህት የሆኑ መጻሕፍት በሐረር በአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየምና በየቤቱ አሉ። አንድ የድሬ ተማሪ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሲያነብ ውሎ ማታ ቤቱ ሊገባ የሚችልበትን የጥናት ሀብት፣ ሌሎች በስንት የገንዘብ ድጋፍና የጉዞ ፈቃድ ያገኙታል።

የከተማይቱ ሕንፃዎች ጉዳይ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጂቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። የከዚራ ሠፈር በመሐንዲስ ገመድ ተለክቶ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ፣ ዛፉ ተተክሎ ተሠራ። መጋላ ከደቻቱ ማዶ በገበያው ዙሪያ በራሱ ልማድ አደገ። የፈረንሳይ ባቡር ሰዎች፣ የየመን ዓረቦች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሐረሪዎች፣ ሶማሌዎች፣ ኦሮሞዎች፣ ከመሐል አገር የመጡ አማሮችና ጉራጌዎች እያንዳንዳቸው በርና መስኮት፣ ሰገነትና ግቢ የሚሠሩበትን ልማድ ይዘው መጡ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያውን ከከተማው ወጣ አድርጎ ሠራ። የአሮጌው ባቡር፣ የሼሜንደፈር ጣቢያ፣ ወርክሾፑና የሠራተኞቹ ቤቶች የዕለት ተግባራቸው ቀነሰ፤ ተግባሩ የቀነሰ ሕንፃ ደግሞ ቶሎ ይፈርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ሕዝብ ሲያልቅ ወንዙ ዳር የነበረ ቤትም አብሮ ሄዷል። ለሰው እናልቅሳለን፤ ያ ተገቢ ነው። የቤቶቹን መልክ የመዘገበ ስላልነበረ ግን የአንድ ሠፈር መልክ ጭምር ነው የጠፋው።

አንድ ቤት እንዲጠበቅ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ያ ቤት ምን እንደሆነ መግለጽ መቻል አለበት። መቼ ተሠራ? ማን ሠራው? ይህ የእንጨት ፍርግርግ ከየት የመጣ አሠራር ነው? ከተማው ውስጥ ስንት ቀርቷል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 የሕግ መሠረቱን ሰጥቷል። ሕጉን የሚሞላው እውቀት ነው። ያለ እውቀት የሚቀርብ «ቅርስ ነው» የሚል አቤቱታ፣ የግንባታ ፈቃድ ይዞ ለመጣ ባለሀብት መልስ አይሆንም።

ተቃውሞውን እናውቀዋለን። ሐኪም ያንሰናል፣ መሐንዲስ ያንሰናል፣ ውኃ በፈረቃ ነው፣ በዚህ መሐል ለሥዕል ታሪክ ዶክተር ገንዘብ ይወጣል ወይ የሚሉ ሰዎች አሉ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ በአክብሮት እንመልሳለን። ሁለት ሰው ማስተማር የሐኪም ቦታ አይሻማም። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር የራሷን በጀት የምታስተዳድር ከተማ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተመረቀውም እዚሁ ነው። ቱሪዝም ስትል፣ ሙዚየም ስትል፣ እንግዳ ስትጋብዝ ስለ ራሷ የምትናገረውን ከማን ልትሰማ ነው? ዛሬ የለገ ኦዳን ምስል በየመጽሔቱ የምናየው ያለ ዕድሜ፣ ያለ ማብራሪያ ነው። ውኃ እየታጠበበት፣ ጢስ እያጠቆረው፣ የሰው እጅ እየነካካው ያለ ሥዕል ሃያ ዓመት አይጠብቀንም። ሐኪሙን በኋላም ማስተማር ይቻላል፤ የጠፋን ሥዕል ግን በኋላ ማንበብ አይቻልም።

ግን ጠንከር ብለን የምንናገረው ሌላ ነገር አለ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የዶክትሬት መርሃ ግብር ዛሬ ይክፈት አንልም። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አማካሪ መምህር፣ የዘርፉ ቤተ መጻሕፍት፣ የምስል መዝገብ ሳይኖር ስም ብቻ የተሸከመ መርሃ ግብር መክፈት ተማሪውን ማታለል ነው። መጀመሪያ ሰው ይማር። ከላይ የጠቀስነው የቀለም ጥናት ራሱ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ጣምራ አማካሪነት የተሠራ ነው። ተመሳሳይ ውል ለድሬ ልጅም ይቻላል። ምዝገባው የኢትዮጵያ ጥናት ለረጅም ጊዜ ሥር በሰደደበት እንደ ሀምቡርግ ባለ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛው አማካሪ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የመስክ ሥራው እዚህ፣ የሥራ ቦታው ደግሞ ከመሄዱ በፊት በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተያዘለት ይሁን። የመጨረሻው ነጥብ ዋና ነው። ተምሮ ሲመለስ የሚቀመጥበት ወንበር ከሌለ የግዴታ ውል ማስፈረም ከንቱ ነው።

ለሚማሩት ወጣቶችም እውነቱን መንገር ግዴታችን ነው። መንገዱ ረጅም ነው። አሜሪካ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ሁለት ዓመት ያህል ኮርስ፣ ከዚያ አጠቃላይ ፈተና፣ ከዚያ የጥናት ንድፍ፣ ከዚያ መስክ፣ ከዚያ ጽሑፉ። በአውሮፓ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፤ ግን ማስተርስ ይዘው፣ ርዕሳቸውን ቆርጠው ነው የሚገቡት። በዚህ ሙያ የማስተማር ሥራ በዓለም ዙሪያም ጥቂት ነው። ስለዚህ ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው፤ የትምህርት ክፍያና መተዳደሪያ ያልያዘ የመቀበያ ደብዳቤ ሲመጣ አትሂዱ። ቤተሰብ ቤት ሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶ የሚከፈልበት ዶክትሬት በዚህ ዘርፍ ዕዳውን አይመልስም። ጥሩ ዩኒቨርሲቲዎች የፈለጉትን የዶክትሬት ተማሪ ክፍያውን ሸፍነው፣ የወር መተዳደሪያ ሰጥተው ነው የሚወስዱት። ያን ያላደረገ እናንተን ከልቡ አልፈለገም። ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ አማካሪውን ምረጡ፤ የአፍሪካ ቀንድን የሚያውቅ፣ ተማሪዎቹን እስከ መጨረሻው ያደረሰ መሆኑን ጠይቁ።

ደግሞ ያላችሁን አትናቁ። በዚህ ሙያ ብዙ የውጭ ተማሪ የሚንገላታው በቋንቋ ነው፤ ሁለት ሦስት የጥናት ቋንቋ ማንበብ ግድ ነው። የድሬ ልጅ አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማልኛን ሰፈር ውስጥ ሲጫወት ይይዛቸዋል፤ ቁርኣን ቤት የሄደው ዓረብኛ ያነባል፤ ሐረሪኛ የሚሰማም አለ። ፈረንሳይኛ ደግሞ በሼሜንደፈር ሠራተኞች ቤት ከአባት ወደ ልጅ የወረደ፣ በአሊያንስ ፍራንሴዝ ዛሬም የሚሰጥ ነው። የብረይ ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ነው። የባቡሩ ወረቀትም በፈረንሳይኛ ነው። የለገ ኦዳ ነዋሪ ስለ ሥዕሉ የሚያወራው በኦሮምኛ ነው። የሐረር መጻሕፍት በዓረብኛና በሐረሪኛ ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ራስ የያዘ ተማሪ ከየትኛውም አገር አመልካች ጎን ሲቆም አያፍርም። በማመልከቻ ደብዳቤያችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት፤ አብዛኞቻችሁ መጨረሻ ላይ ትጠቅሱታላችሁ፣ ወይም ጭራሽ ሳትጠቅሱት ታልፋላችሁ።

ከውጭ ለሚመጡ ተመራማሪዎችም አንድ ጥያቄ አለን። የምርምር ፈቃዱ በፌዴራል ደረጃ መሰጠቱ ትክክል ነው። ፎቶግራፉ፣ ልኬቱ፣ ንድፉና የታተመው ጽሑፍ ግን አንድ አንድ ቅጂው ድሬዳዋ ይቀመጥ። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አንድ ክፍልና አንድ ኃላፊ ይመድብ። ነገ የምንልከው ተማሪ ስለ ራሱ ከተማ ዋሻ ለማንበብ መጀመሪያ ፓሪስ እንዲሄድ ልንፈርድበት አይገባም።

ቀኑን እናስታውስ። የአስተዳደሩ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በታኅሣሥና በጥር ይዘጋል። ሁለት ሰው መርጦ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና አስፈትኖ፣ የምክር ደብዳቤ አስጽፎ ለመጨረስ ቢያንስ ሦስት ወር ያስፈልጋል። ስለዚህ የገንዘቡ ውሳኔ በዘንድሮው በጀት ውስጥ ይግባ፤ የምርጫው ማስታወቂያ ከመስከረም ሳያልፍ በከዚራና በመጋላ፣ በሳቢያንና በገንደ ቆሬ፣ በዩኒቨርሲቲውም ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።